የአወቀ ስምንት ዜሮዎች

አወቀ ስምንቱንም ጥያቄ «ዜሮ» ብሎ መለሰ። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ሳል ነበር፤ ተነብቦ ሳያልቅ ሳል ያዘውና ሁለት ደቂቃ ያህል ጎንበስ ቀና እያደረገ አንገላታው። ከዚያ እንባውን በመሐረብ ጠረገ፣ ጉሮሮውን አጸዳ፣ «ዜሮ» አለ። ጠያቂዋ ልጅ ቀና ብላ አየችው። እሱ መስኮቱን ያይ ነበር።

«ዜሮ ማለት ምንም አያስልዎትም ማለት ነው፣ ጋሽ አወቀ።»

«ገብቶኛል። ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ይህ የሆነው ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ የሳንባ ክሊኒክ ነው። እዚያ ማክሰኞና ሐሙስ ሳንባቸው የደከመባቸው ሰዎች ይሰባሰባሉ። ኮሪደሩን ይመላለሳሉ፣ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ በክንዳቸው ያነሳሉ፣ ከወንበር ተነስተው መልሰው ይቀመጣሉ፣ ትንፋሽ ሲያጥር እንዴት እንደሚተነፈስ ይማራሉ። ስምንት ሳምንት ይፈጃል። ወደዚያ የላከው ሐኪም ለአወቀ እቅጩን ነግሮታል፤ የተበላሸው ሳንባ አይመለስም፣ ሥልጠናው በቀረው ሳንባ መኖርን ነው የሚያስተምረው። ወንበሩ ግን አሥራ ሁለት ብቻ ነው፣ ተራ ጠባቂው ከዚያ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ወረቀቱ ይታያል። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከዜሮ እስከ አምስት ይሰጣል፣ ይደመራል፣ ድምሩ ከአሥር በታች የሆነ ሰው «አንተማ ደህና ነህ» ተብሎ ይሸኛል።

አወቀ ያን ወንበር አጥብቆ ይፈልገው ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት በናይሮቢ ጋራዦች ማታቱ የሚባሉ ሚኒባሶችን ቀለም ሲረጭ የኖረ ሰው ነው። ወይን ጠጁን፣ ወርቃማውን፣ በሌሊት የሚያበራውን ቀለም ሁሉ ከመኪናው እኩል ለሳንባው ቀብቶታል። ማስክ የሚባለውን ነገር ያደረገው በኮሮና ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሥራውን ትቶ ነበር። አሁን ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ ሚስቱ ሞታለች፣ ከልጁ ከቶሚ ጋር ካሳራኒ ውስጥ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። ታች ማታቱ የሚቆምበት ስቴጅ አጠገብ ሽማግሌዎች በለስላሳ ቆርኪ ዳማ የሚጫወቱበት ዛፍ አለ። አወቀ ከእነሱ መካከል ብቸኛው ሐበሻ ነበር፤ ሲያሸንፍ ይሳለቃል፣ ሲሸነፍ ቆርኪ ተሰረቀብኝ ይላል። እዚያ ከተቀመጠ ወራት አልፈዋል። ከእሁድና ከሐኪም ቀጠሮ በቀር መውረድ ትቷል። መውረዱማ ምን ችግር አለው፣ መመለሱ ነው እንጂ።

ታዲያ ዜሮውን ምን አመጣው? ጠያቂዋ ሐሴት መሆኗ ነው ያመጣው።

ክሊኒኩ ጥያቄው በበሽተኛው ቋንቋ ካልተጠየቀ አይቀበልም። አወቀ ስዋሂሊ አያጣም፣ ግን የጋራዥ ስዋሂሊ ነውና ከቀለም ስምና ከስድብ ብዙም አያልፍም። «የአማርኛ አስተርጓሚ አለችልህ» ሲሉት ደስ ብሎት ነበር። በሩ ተከፍቶ ሐሴት ወረቀቷን ታቅፋ ስትገባ ደስታው ወደ መጣበት ተመለሰ። ሐሴት የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፣ አወቀ በሚያመልክበት ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ በየእሁዱ ፊት ለፊቱ ቆማ ትዘምራለች። በሚያዝያ ወር ደግሞ ለእሱ ብላ ዘምራለች።

የሚያዝያው ነገር እንዲህ ነው። ዝናቡ ሲገባ ትንፋሹ ክፉኛ ተያዘና ሰፈሩ ያለ ፋርማሲ የአምስት ቀን ነጭ ክኒን ሰጠው። በዚያው ሳምንት ፓስተር ኢያሱ ቤቱ ድረስ መጥቶ እጁን ጭኖ ጸለየለት። በአምስተኛው ቀን አወቀ ሦስቱን ፎቅ ሳያርፍ ወጣ። ክኒኑ ይሁን ጸሎቱ፣ ወይ ሁለቱም፣ እሱ የሚያውቀው መውጣቱን ብቻ ነበር። እሁድ መድረክ ላይ ወጣና «ጌታ ፈወሰኝ» ብሎ መሰከረ። አልዋሸም፤ በዚያ ቀን የተሰማው እንደዚያ ነው። ሕዝቡ እልል አለ፣ መዘምራኑ ዘመሩ፣ አንድ ወጣት በስልኩ ቀርጾ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። ክኒኑ ባለቀ በሁለተኛው ሳምንት ትንፋሹ ተመልሶ ጠፋ። ቪዲዮው ግን አልጠፋም፣ ሞያሌ ድረስ ሄደ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በመጀመሪያው እሁድ «እንዴት ነህ?» ሲሉት «ደህና ነኝ» አለ፤ ይህ ሐበሻ ሁሉ በሞት አፋፍ ላይ ሆኖም የሚለው ነውና ማንም ከውሸት አይቆጥረውም። በሁለተኛው እሁድ «የተፈወሰው ወንድማችን» ብለው ለእንግዳ አስተዋወቁት። በሦስተኛው አስተናጋጅ አድርገው በር ላይ አቆሙት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ማለት ይኸው ነው። አወቀ ከሁሉም ቀድሞ መምጣትና ደረጃው ላይ ሲያርፍ ሰው እንዳያየው ማድረግ ለመደ። ዝማሬ ሲረዝም የፊት ለፊቱን ወንበር ጀርባ ይይዛል፣ የሚያየውም ሰው በመንፈስ የተነካ ይመስለዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ደግሞ ጋራዥ ውስጥ ለስንቱ ልጅ ያስተማረው እሱ ራሱ ነበር!

ያን ቀን ክሊኒኩ ውስጥ ከወረቀቱ በኋላ ኮሪደሩ ነበር። እንቅስቃሴውን የምታሠራው ፊዚዮቴራፒስት ዋምቡይ የምትባል ሰፊ ትከሻ ያላት ሴት ናት። በሁለት ብርቱካናማ ኮኖች መካከል ስድስት ደቂቃ እንዲመላለስ አዘዘችው። ሦስት ጊዜ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ሲያበቃ መቶ ዘጠና ሜትር ሄዶ ነበር፣ ጣቱ ላይ የሰካችለትም የኦክስጅን መለኪያ ሰማንያ ሦስት ይላል፤ የጤነኛ ሰው ከዘጠና አምስት በላይ ነው። ዋምቡይ አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ እሱን አየች።

ሐሴት የዋምቡይን ንግግር ቃል በቃል ተረጎመችለት። «ወይ ወረቀቱ ይዋሻል ወይ ኮሪደሩ ይዋሻል፤ የእኔ ኮሪደር ደግሞ ዋሽቶ አያውቅም ትላለች። የሚቀጥለው ሐሙስ ይምጡ፣ እንደገና እንጠይቅዎታለን። ያን ቀንም ዜሮ ካሉ ወንበሩን ለሚቀጥለው ሰው እሰጣለሁ ትላለች።»

ዋምቡይ ከመሸኘቷ በፊት ትንፋሽ ሲያጥር የሚደረገውን አሳየችው። በአፍንጫ ሳብ፣ ከንፈር ሰብሰብ፣ ከዚያ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርዱ ረዘም አድርጎ እፍ። «ፖሌ ፖሌ፣ ምዜ» አለችው፤ ቀስ በሉ፣ አባባ ማለቷ ነው። ይህን ማስተርጎም አላስፈለገውም።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ የሐሴት እናት ዓይናለም ሕዝቡን እየሰነጠቀች መጣች። ዓይናለም ከልጅነቷ አስም ያለባት ሴት ናት፤ ያቺ ወደ አፍ የምትነፋ ሰማያዊ ፓፍ ከቦርሳዋ ተለይታ አታውቅም። ዛሬ ፊቷ በርቷል።

«ወንድም አወቀ! ምስክርነት አለኝ፣ መጀመሪያ ግን አንተ ስማው። ያንተን ምስክርነት ደጋግሜ ደጋግሜ አየሁት። አርብ ዕለት ተነሳሁና ፓፌን ቆሻሻ ውስጥ ወረወርኩት። አወቀን የፈወሰ ጌታ እኔን ይተወኛል?»

አወቀ የሚለውን ፈልጎ አፉን ከፈተ። የወጣው «አሜን» ነው። ልማድ ክፉ ነው፣ ከሐሳብ ይቀድማል።

እሷ ማውራቷን ቀጠለች፣ እሱ ግን ቃሏን አልሰማም። ከቃሏ ኋላ የሚከተለውን ቀጭን ፉጨት ነበር የሚሰማው፤ ማንቆርቆሪያ ሊፈላ ሲል የሚያሰማውን። ያን ድምፅ ከራሱ ደረት ያውቀዋል። አወቀ ፈራ። ስለ ራሱ መፍራቱን ለምዶት ነበር፣ ይህ ግን ሌላ ፍርሃት ነው።

ሰኞ ስልክ ደወለላት። እንደ ሐበሻ ወግ ከሩቅ ጀመረ፤ ስለ ብርዱ፣ ስለ ሐምሌ፣ ስለ አየሩ መክበድ አወራ። ከዚያ ለጥንቃቄ ያህል፣ እንዲያው ለጥንቃቄ ብቻ፣ ሌላ ፓፍ ገዝታ ቤት ብታስቀምጥ ምን ይመስላታል አላት። ከወዲያ በኩል ቀጭኑ ፉጨት ብቻ ተሰማ።

«ወንድም አወቀ፣ ይህ ያንተ ድምፅ አይደለም» አለች ዓይናለም። «ጠላት ነው ይህን የሚያናግርህ። ፈውስህን ሊነጥቅህ ነው። ጸልይ፣ እኔም እጸልይልሃለሁ።»

«ዓይናለም፣ እኔ አሁንም ያመኛል። መድኃኒቱንም አልተውኩም።»

«አትናገረው! በሕዝብ ፊት የመሰከርከውን በስልክ ልትክድ ነው? አንተ ካልቆምክ እኔን ማን ያቆመኛል?» ብላ ዘጋችው።

ቶሚ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ሁሉንም ሰምቷል። እዚህ ያደገ ልጅ ነው፣ ዙሪያ ጥምጥም አይገባውም። «ዳዲ፣ ጀስት ሴይ ኢት።»

«ነገርኳት እኮ፣ አልሰማህም?»

«ለእሷ አይደለም። መጀመሪያ የት ነው ያልከው? ቸርች ስቴጅ ላይ ነው። እዚያው ሂድና በል፣ ባሲ፣ በቃ።»

አወቀ ልጁን ገላመጠው። ለምግብ ሲጠሩት የማይሰማ ልጅ ለምክር ሲሆን ጆሮ ማብቀሉ አናደደው። ይበልጥ ያናደደው ግን ልክ መሆኑ ነበር።

ሐሙስ ሐሴት ወረቀቱን ይዛ ተቀመጠች። ዓይኖቿ ያበጡ ነበሩ።

«እናትሽ እንዴት ናት?» አላት።

«ጥያቄውን እንጀምር፣ ጋሽ አወቀ። አንደኛ፣ ሳል ምን ያህል ያስቸግርዎታል?»

«አምስት።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። ከዚያ ጻፈች። «ሁለተኛ፣ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥርዎታል?»

«አምስት። ስድስት ካለ ስድስት።»

እንቅልፍ፣ አራት። ደረት ላይ የሚሰማ ክብደት፣ አራት። ልብስ መልበስና ገላ መታጠብ፣ አራት፤ ካልሲ ማጥለቅ እንደ ተራራ ነው። አክታ፣ አራት። ጉልበት፣ አራት። ስምንተኛው «ከቤት ለመውጣት ይፈራሉ?» የሚል ነበር። ከሌላው ሁሉ የከበደው ይህ ነው፤ ስለ ሳንባ አልነበረምና። «አምስት» አለ። ሐሴት ደመረችው፣ ሠላሳ አምስት ከአርባ።

«አውቅ ነበር» አለች ወረቀቱን እያየች። «በየእሁዱ ከመድረክ ሆኜ ወንበሩን እንዴት እንደሚይዙት አያለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«እኔ እዚህ የምተረጉመው የተባለውን ነው። ያልተባለውን መተርጎም አይፈቀድልኝም።»

«ለእናትሽስ?»

ሐሴት ወረቀቱን አጠፈች። «ከዚህ ክፍል የሰማሁትን ከበሩ አላወጣም። ባወጣውስ? ስለ ፓፏ ለምኛታለሁ፣ ጮኼባታለሁ። ትናንት ከወጥ ቤት ሳሎን መድረስ አቅቷት ግድግዳ ይዛ ቆመች። እኔን አታምነኝም፣ ጋሽ አወቀ። ያመነችው እርስዎን ነው።»

እሁድ አወቀ ፓስተር ኢያሱን የምስክርነት ጊዜ ጠየቀው። ፓስተሩ ደስ አለው፤ የሚያዝያው ፍሬ የበሰለ መሰለው። መድረኩ ስድስት ደረጃ ነበረው። አወቀ የመጀመሪያውን ወጣ፣ ቆመ፣ ሻይ አበረደ። ሁለተኛውን ወጣ፣ ቆመ፣ ሻይ አበረደ። በሚያዝያ እየሮጠ የወጣው ሰው አሁን እንደ ሙሽራ እየተጎተተ ሲወጣ ጥቂት ሰዎች ተያዩ። ማይኩን ሲይዝ ትንፋሹ በድምፅ ማጉያው አዳራሹን ሞላው።

«ጌታ ይባረክ» አለ።

«አሜን!» አለ ሕዝቡ።

«በሚያዝያ እዚህ ቆሜ ተፈውሻለሁ ብያችኋለሁ። አልተፈወስኩም።»

ከመሀል አንዲት አሮጊት በልማድ «አሜን!» አሉ። የሳቀ ሰው አልነበረም። አወቀ ከኪሱ ወረቀት አወጣና ስምንቱን ጥያቄ ከነመልሳቸው አነበበ፤ ሳል አምስት፣ ደረጃ አምስት፣ እንቅልፍ አራት፣ እስከ መጨረሻው። የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ አነበበው። «ከቤት መውጣት የፈራሁት እናንተን ፈርቼ ነው» አለ። «ጌታን አላማሁም። ይችላል። እኔን ግን እስከ ዛሬ ያቆየኝ በክኒንና በዚህች ነው።» የራሱን ፓፍ ከኮቱ ኪስ አወጣ፣ አራገፈ፣ ነፋው፣ ትንፋሹን ያዘ። አሥር እስኪቆጥር ማይኩ አልተናገረም፣ ሕዝቡም አልተነፈሰም። «ስለ እኔ ብላችሁ መድኃኒት የጣላችሁ ካላችሁ» አለ፣ «ስለ እኔ ብላችሁ አንሱት።»

ዓይናለምን ስሟን አልጠራም፣ ወደ እሷም አላየም። ስትነሳ ግን አያት። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛ፣ በወንበሮቹ መካከል ቀስ እያለች፣ ሁለት ጊዜ ቆማ ወጣች። በሩ ተዘጋ። ፓስተር ኢያሱ ወደ መድረኩ መጣ፣ «እንጸልይ» አለ። ለዚያ ቀን ይህ ትልቅ ጥበብ ነበር።

ዋጋውን ከፍሏል። አስተናጋጅነቱን በትህትና ወሰዱበት። ቪዲዮው ከቴሌግራም ተነሳ። አንዳንዱ «ተጠራጥሮ ፈውሱን ጣለው» አለ፣ ሌላው ቀድሞም አልወደደውም ነበር። ሁለት ሰዎች ግን ከበሩ ውጭ ጠብቀው የክሊኒኩን ስልክ ቁጥር በሹክሹክታ ጠየቁት። ዓይናለም ሰላምታ ነፈገችው። ሦስት እሁድ አልፋው ሄደች። ሐሴት ስለ እናቷ ምንም አትለውም፣ እሱም አይጠይቅም፤ በየሐሙሱ ግን ዓይኗን ያይና አለማበጡን አይቶ ይረጋጋ ነበር።

በክሊኒኩ ወንበሩን ያዘ። ጠርሙሱን አነሳ፣ ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ሰውነቱ እንደ ሕፃን መራመድ ሲማር አፈረም ኮራም። በአምስተኛው ሳምንት ኮሪደሩ ሁለት መቶ ስልሳ ሜትር ሰጠው። ቅዳሜ ሦስቱን ፎቅ ወርዶ ዛፉ ሥር ተቀመጠና በሦስት ዙር ዳማ ተሸነፈ፤ ቆርኪ ተሰረቀብኝ አለ። ሲመለስ በየፎቁ አንዴ እያረፈ ወጣ፣ ሳይፈራ።

በስድስተኛው ሳምንት ሐሙስ፣ ከስፖርቱ በኋላ ላቡን ሲጠርግ ሐሴት መጣች። አዲስ የመጣች በሽተኛ አለች፣ ሌላ አስተርጓሚ አልተገኘም፣ እሷ ደግሞ ለዘመዷ መተርጎም አይፈቀድላትም፤ ዋምቡይ ግን ወረቀቱ በአማርኛ የተጻፈ ስለሆነና አዲሷ በሽተኛም እሺ ስላለች እሱ ያንብብላት ብላለች። «ማናት?» አለ። ሐሴት በሩን ከፍታለት ሄደች።

ዓይናለም ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተቀምጣለች። ከቦርሳዋ ጎን ኪስ የሰማያዊ ፓፍ ጫፍ ብቅ ብሏል። አላየችውም፤ ያየችው መስኮቱን ነው። አወቀ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ፣ መነጽሩን አደረገ፣ ወረቀቱን ዘረጋ።

«አንደኛ፣ ሳል ምን ያህል ያስቸግርሻል? ዜሮ ምንም፣ አምስት ሁልጊዜ።»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

አወቀ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አነሳ። አልጻፈም። ከንፈሩን ሰብሰብ አድርጎ ረዥም ትንፋሽ አወጣ። ከክፍሉ ውጭ አንድ ሰው በኮኖቹ መካከል እግሩን እየጎተተ ይመላለስ ነበር።

«ምን ትጠብቃለህ? ጻፈው እንጂ» አለች።

«ቆይ፣ አይቸኩልም።»

«አዋረድከኝ እኮ፣ አወቀ። በሰው ሁሉ ፊት።»

«አውቃለሁ።»

የእሷ ፉጨት ከእሱ ከባድ ትንፋሽ ጋር እየተቀባበለ ክፍሉ ውስጥ ተሰማ። ዓይናለም ፊቷን ከመስኮቱ መለሰች፣ ወረቀቱን አየች፣ የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች፣ ዘጋች።

«አራት» አለች። ቀና ብላ አየችው። «አይደለም። አምስት።»

አወቀ አምስትን ጻፈና ወደ ሁለተኛው ጥያቄ አለፈ።